የኦቦ ጉደታ እግር

ኦቦ ጉደታ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካቆሙ ሰንብተዋል። ሰዉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀያይመው ነው እያለ ያማቸው ነበር።

ሲስተር ለንሳ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረች። በጊንጪ ጤና ጣቢያ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን የምትከታተለው እሷ ናት። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚይዙት ጤና መኮንኖች ነበሩ፤ በቅርቡ ግን የሠለጠኑ ነርሶችም መድኃኒት እንዲያስተካክሉ፣ መምጣት ያቃታቸውን አረጋውያን ቤታቸው ሄደው እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ኦቦ ጉደታ ደግሞ የስኳር ኪኒናቸውን እንኳ ሊወስዱ አልመጡም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ደንዲ ገጠር ወጣች። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ክረምቱ ካለፈ ቢቆይም የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አላወለቁም።

«አከም ጅርቱ ኦቦ? እስቲ እግርዎን ልየው።»

«እግሬ ምንም አልሆነ። ግፊቴን ለኪና ሂጂ።»

ለካች፤ ግን አልሄደችም። ባለቤታቸው አዴ ሲንቄ ከቤት ብቅ ብለው፣ «ለኔም አያሳዩኝም። ካልሲያቸውን ራሳቸው ማጠብ ከጀመሩ ሰነበቱ» አሉ።

ኦቦ ጉደታ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ወንድሜ ሌታ ለቁስል ብሎ ሆስፒታል ገብቶ፣ ያለ እግሩ ወጣ። እኔ ከነእግሬ ልቀበር።»

«እሳቸው ዘግይተው ሄደው ነው። የእርስዎን ሳላየው ምን ልበልዎ?»

ጫማው ወጣ። ከአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ቁስል ይሸታል፤ ግን ጥልቅ አይደለም። ለንሳ የእግራቸው የደም ሥር ሲመታ በጣቷ ሲሰማት፣ ደም እየደረሰው መሆኑን አውቃ እፎይ አለች። ለጤና መኮንኑ ለማዕረግ ደውላ ያየችውን ነገረችው፤ በመድኃኒቱም ተስማሙ።

«እዚሁ እናክመዋለን» አለቻቸው። «ከባሰ ግን አምቦ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

ቁስሉን አጥባ በፋሻ አሰረችው፤ አዴ ሲንቄም እያዩ ተማሩ። ከዚያ በኋላ እየተመላለሰች ታክማቸው ጀመር። መዳን ሲጀምር ኦቦ ጉደታ ከብት ስንዴ ውስጥ ገባ ብለው ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሮጡና ቁስሉን ቀሰቀሱት። ለንሳ ተቆጣች። አዴ ሲንቄ ግን ከቁጣ የተሻለ ዘዴ አገኙ፤ ጫማውን ጎተራ ውስጥ ደበቁት።

ለገና ቁስሉ ድኖ ነበር። ኦቦ ጉደታ አዲስ ክፍት ጫማ አድርገው፣ በዚያ ብርድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲወጡ የቁስሉን ሽታ አፍረው እንደጠፉ ራሳቸው ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ቀጥሎም አንዱ ስለ ጉልበቱ፣ ሌላው ስለ ዓይኑ ሲያወራ ቆዩ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ አረጋውያን ኦቦ ጉደታ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ለንሳ በተራ ታያቸዋለች። አዴ ሲንቄ ቆሎ ያቀርባሉ፤ ምርመራው ካለቀም በኋላ ለመሄድ የሚቸኩል የለም።