የስዊቹ ጀርባ

ኡማ መሪየም ሰፌድ ሲያዩ ፊቱን አያዩም፤ ገልብጠው ጀርባውን ነው። እሳቸው ስፌት በተማሩበት ቤት፣ እዚያው ጀጎል ውስጥ፣ ሙያ የሚመዘነው በጀርባ ነበር። ለልጇ ሚስት ልታጭ የመጣች ሴት ከግድግዳው ላይ ሙዳይ ታወርድና ትገለብጣለች። አክርማው ከኋላ ተጠላልፎ፣ ክሩ እርስ በርሱ ተሻግሮ ካየች ምንም ሳትናገር መልሳ ትሰቅለዋለች። ያ ዝምታ ስንቷን ያለ ባል አስቀርቷል። የኡማን ታላቅ እህት ያስቀራትም እሱው ነው።

እንግዲህ የልጅ ልጃቸው ሩቂያ የሠራችውን ነገር በዚያ ማለዳ ያገላበጡት ክፉ አስበው አልነበረም።

ሩቂያ የማትሪክ ውጤት አልመጣላትም። አጎቷ ድሬዳዋ ፋብሪካ አስገባታለሁ እያለ ይልክባታል። ኡማ ድሬዳዋ ሲባል አይወዱም፤ ሙቀቱ፣ የሰው ቤት ማደሩ፣ ማን ያውቃል ምን እንደሚያጋጥማት! የሟች ልጃቸው አደራ ናት። ልጅቷም ብትሆን መሄዱን አትፈልገውም። የምትፈልገው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ሬድዮ የሚጠግነው ዐብዱሰመድ ዘንድ ሙያ መልመድ ነው።

ዐብዱሰመድ መጀመሪያ ሳቀ። «ሴት ልጅ ካውያ ጨብጣ ስትበይድ?» አለ። ኡማ ሲመላለሱበት ጊዜ ግን ሰለቸው።

«እሺ እማማ፣ በአንድ ስዊች ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ነገር ሠርታ ታምጣ። ከሠራላት እወስዳታለሁ። ካልሠራላት ድሬዳዋዋን ትሂድ፣ እኔንም ያሳርፉኝ።»

ሩቂያ ከተሰበረ ቴፕ የወጣች ትንሽ ዲናሞ ነበረቻት። የጫማ ካርቶን ከፍታ፣ ሽቦ ወጥራ፣ ከአሮጌ ሻሽ የቀደደችውን መጋረጃ ሰቀለችበት፤ መጋረጃውን በክር ከዲናሞዋ ጋር አያያዘችው። ስዊቹን ወደ ግራ ሲጫኑት መጋረጃው ይከፈታል፤ ወደ ቀኝ ሲጫኑት ይዘጋል። ማታ ለኡማ አሳየቻቸው።

«ማሻአላህ! ማን መልሶ ይዘጋዋል?»

«ራሷ ዲናሞዋ ናት፣ ኡማ። ዲናሞ ሞኝ ነው። የባትሪው ኃይል በዚህ ሽቦ ሲገባለት ወደዚህ ይዞራል፤ በዚያኛው ሲገባለት ወደዚያ። ስዊቹ መግቢያውን ይለዋውጥበታል፣ ሌላ ምንም አያደርግም።»

ኡማ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፣ ምስክር ወረቀትም አላቸው፤ ይሄኛው ግን አልገባቸውም። አልገባኝም ማለት ደግሞ አይወዱም።

ጠዋት ሩቂያ ልብሷን ልትለብስ ስትገባ ኡማ ስዊቹን ገለበጡት። ስድስት የናስ እግሮች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ከአንደኛው ረድፍ ራስ የተነሣው አጭር ሽቦ ተሻግሮ ከሌላኛው ረድፍ ግርጌ ይገባል፤ ሁለተኛውም ሽቦ በተቃራኒው እንዲሁ። መሐል ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሟል። አልተበየደም፣ ተጠምዝዞ ብቻ ነው፤ በላዩ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«አስተግፊሩላህ! ዐብዱሰመድ ገልብጦ ያየው እንደሆነስ?» አሉ በሆዳቸው። የእህታቸው ሙዳይ ትዝ አላቸው። የተነካካ ሽቦ ቤት ያቃጥላል ሲባልም ሰምተዋል። ፕላስተሩን ላጡ፤ ሽቦዎቹን ፈትተው የግራውን ከግራ፣ የቀኙን ከቀኝ፣ ቀጥ አድርገው ጠመዘዙት። በላዩም በቀይ የስፌት ክር ድርብ አድርገው አሰሩት። አማረ። ልጅቷ ሥራዬን ነኩብኝ ብላ እንዳትቆጣ አልነገሯትም። ሩቂያም የባትሪ ድንጋይ ከቀበሌ ሱቅ የሚገኘው በስንት ሰልፍ ነውና፣ እንዳያልቅባት ብላ ዳግመኛ ሳትሞክረው ካርቶኑን አንሥታ ወጣች።

ዐብዱሰመድ ሱቅ ውስጥ ሬድዮውን ሊወስድ የመጣ ወርቁ የሚባል ሹፌር ተቀምጧል። ኡማ በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ዐረፉ። ሩቂያ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ ግራ ተጫነችው። መጋረጃው ሽር ብሎ ተከፈተ።

«ኧረ ሲኒማ ቤት ነው!» አለ ወርቁ።

ወደ ቀኝ ተጫነችው። ዲናሞዋ አሁንም ወደ ቅድሙ አቅጣጫ ዞረች። ሩቂያ ደንግጣ አሁንም ወደ ቀኝ ጫን አደረገችው፤ ክሩ ተወጠረ፣ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ሻሹ ወደቀ።

ወርቁ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «ዐብዱሰመድ፣ ሙሽሪትን ገልጠህ መሸፈኛ አጣህላት!»

ዐብዱሰመድ አልሳቀም። ስዊቹን ገለበጠው። «ይሄማ ወዲህም ብትጫኚው ወዲያም ብትጫኚው ያው ነው። ሽቦዎቹ መሻገር ነበረባቸው። ይሄ እኮ ሀሁው ነው፣ ልጄ።»

ሩቂያ ጎንበስ ብላ አየች። ቀዩን ክር አየች። ያንን አስተሳሰር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቀና ብላ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ዐይኗ ከኡማ ዐይን ጋር ተገጣጠመ።

«ተሳስቼ ነው» አለች።

ኡማ ሊናገሩ ከበርጩማው ብድግ አሉ። ግን እነዚህ ወንዶች ፊት፣ ይሄ ሹፌር ፊት፣ አላዋቂ አሮጊት መባል እሳት ሆነባቸው። ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ሩቂያ ካርቶኗን አንሥታ አልፋቸው ወጣች። ሁልጊዜ ክንዳቸውን ትይዝ ነበር፤ ዛሬ አልያዘችም።

ከሱቁ ወጥተው ትንሽ እንደ ሄዱ ኡማ ቆሙ። «ሩቂያ…»

«ኡማ፣ ይተዉት። ለአጎቴ ልኬለት እሄዳለሁ።» ድምጿ ቁጣ የለበትም። ብትጮህባቸው በተሻላቸው ነበር።

«እዚህ ቁሚ። ወላሂ፣ እዚህ ቁሚልኝ።»

ተመልሰው ሲገቡ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰውም ተጨምሯል። ይሁን! «ዐብዱሰመድ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ። እሷ አሻግራው ነበር። ተዝረክርኮ ታየኝና እኔ ፈትቼ አቃናሁት።»

ዐብዱሰመድ ፈገግ አለ። «እማማ፣ አያት ለልጅ ልጇ የማትዋሸው ውሸት የለም። አላህ ይማርዎት።»

ወርቁም ቀጠለ፤ «እኔም እንደርስዎ ያለች አያት ብትኖረኝ መንጃ ፈቃዴን አይቀሙኝም ነበር!» ሁሉም ሳቁ።

ኡማ እንዲህ ያለ ውርደት አያውቁም። እውነታቸውን አውጥተው ዘረገፉት፤ የሚያነሣው ጠፋ። እንባቸው መጣ። «እንግዲያው ልጅቷን ጥራት። ደጅ ናት። እዚሁ ፊትህ ትሥራው። እኔ ወጥቼ እቆማለሁ፣ በዐይኔም አልጠቅሳትም።»

ዐብዱሰመድ እንባቸውን ሲያይ ሳቁ ቀዘቀዘ። ሩቂያን ጠራት። ኡማ ደጅ ቆመው በመስኮቱ አዩ። ልጅቷ ቀዩን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ሁለቱን ሽቦዎች ፈትታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከራስ ወደ ግርጌ እያሻገረች ጠመዘዘቻቸው፤ የተበጠሰውንም ክር ቋጠረች። ወደ ግራ ተጫነች፤ ተከፈተ። ወደ ቀኝ፤ ተዘጋ። 

ዐብዱሰመድ ወደ ደጅ ወጣ። «ከነገ ጀምሮ ትምጣ» አለ። ቀጥሎም ዐይናቸውን እየሸሸ፣ «ግን እማማ፣ አይቀየሙኝ… የሰው ዕቃ ነው እዚህ ያለው። እርስዎ ሱቁ ውስጥ ባይገቡ።»

«ይገባኛል» አሉ ኡማ። «እስከ በሩ እሸኛታለሁ እንጂ አልገባም።»

«እስከ በሩም…» አለ ዐብዱሰመድ፤ አልጨረሰውም።

«እሺ፣ ልጄ። እሺ።»

ሩቂያ ሱቁ ውስጥ ቀርታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካውያ እያነሣች ታይ ነበር። ኡማ አልጠሯትም። አንድ እጃቸውን በጀጎል ግንብ ላይ እያሳረፉ፣ ሰላም የሚላቸውን ሰው ሁሉ ቀና ብለው ሳያዩ «ወዐለይኩም ሰላም» እያሉ፣ ብቻቸውን ቁልቁል ወረዱ።