በር ላይ ነኝ

የትምህርት ቤቱ የብረት በር ገርበብ ሲል ብቅ ያለው አባቷ አልነበረም። የማታውቀው ጎልማሳ ጥበቃ ነው።

"ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?"

"አባቴን። እዚህ ጥበቃ ነው፤ ሽማግሌው።"

"እሳቸው እኮ ከለቀቁ ሦስት ወር አለፋቸው።"

"ኧረ ሌላ ሰው መስሎህ ነው። ዛሬ ጠዋት ስደውልለት 'በር ላይ ነኝ' ብሎኛል።"

ጥበቃው ትክ ብሎ አያትና ፊቱ በራ። በቴሌቪዥን የሚያውቃትን ሰው በአካል ማግኘቱ ደስ አሰኝቶት ነበር፤ ግን ወዲያው አንገቱን ደፋ።

"አንቺ ነሽ ለካ! የዘፈን ውድድሩ ላይ ሁለተኛ የወጣሽው። ምን ልበልሽ፣ ያስለቀቋቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ልጆች አይደሉ፣ ክፋት አይመስላቸውም። ጠዋት ጠዋት በሩን እየደበደቡ ያንቺን ዘፈን ይዘፍኑባቸዋል። 'ክፈትልኝ አባ፣ እኔ ነኝ ልጅህ' እያሉ። እሳቸውም ችለው ችለው፣ አንድ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጡ።"

ቦርሳዋ ውስጥ የአልበሟ ምርቃት መጥሪያ ካርድ ነበር። በእጇ ልትሰጠው ነበር የመጣችው። ከውድድሩ በፊት አንድ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክል ነበር፤ ዘፈኖቿንም የምትደርሰው መርፌዋን እያስኬደች፣ በልቧ እያንጎራጎረች ነው። በመጨረሻው ዙር ስለ ሟች ወንድሟ የደረሰችውን "ክፈትልኝ"ን ስትዘፍን አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። ከዳኞቹ አንዷ እንባዋን እየጠረገች "የማን ታሪክ ነው?" ስትላት፣ "የወንድሜ ነው። ጠጥቶ መጥቶ አባቴ በሩን አልከፈተለትም። ከበር ተመልሶ ሲሄድ መኪና ገጨው" አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያቅፋታል። አባቷን ሰው ምን እንደሚለው ግን ጠይቃ አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሷ ለአባቷም ባዳ ሆና ከርማለች።

ቤት ስትደርስ አባቷን ደጃፉ ላይ በርጩማ አስጠግቶ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ እያቃና አገኘችው። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ጎረቤቶች እጃቸው አረፋ እንደሆነ ሮጠው ሳሟት።

"የኛ ኩራት! ምነው ጠፋሽ?"

እሱን ዞር ብለው አላዩትም። እሱም መንገድ የዘጋባቸው ይመስል በርጩማውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

"አባዬ፣ በር ላይ ነኝ አላልከኝም?"

"ይኸው በር ላይ አይደለሁም እንዴ?" አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን አልወጣለትም።

ተከትላው ገባች። ከስታለች ወይ ብሎ እሷን ያያል እንጂ የከሳው እሱ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ልጄ ዘፈነችብኝ ብዬ?" ጃንጥላውን ግድግዳ ላይ አስደገፈው። "ደግሞ ውሸት አልተናገርሽም። አልከፈትኩም።"

"ቁልፉን ይዘህ ተነስተህ ነበር።"

"ተይው ልጄ።"

"ተነስተህ ነበር አባዬ! ከአልጋዬ ሆኜ 'አትክፈትለት፤ አንድ ቀን ውጭ ይደርና ይማር' ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ይህ ቃል ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በዚያ ሳምንት ወንድሟ ጊታሯን ሸጦ ጠጥቶበት ነበር። ሲያንኳኳ ነቅታ ነበር። የጠራው አባቱን ብቻ አይደለም፤ የእሷንም ስም እያቆላመጠ ጠርቷል። እሷ ብርድ ልብሷን ጆሮዋ ድረስ ሳበች። በነጋታው ፖሊስ ሲመጣ አባቷ "ያልከፈትኩት እኔ ነኝ" አለ። ለዘመድም፣ ለጎረቤትም ያንኑ አለ። እሱ እንዲያ ሲል እሷ ዝም፣ እሱ ሲል እሷ ዝም፤ ኋላማ እሷም አመነችው።

አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ቁልፉ የነበረው በኔ እጅ ነው። አንቺ ስላልሽ ነው እንዴ የተውኩት? እኔም ተናድጄበት ነበር። አንቺ ሰበብ ሆንሽኝ እንጂ። ስሚኝ፤ ዘፈኑን እንዳትነኪው። እኔን ቢጠሉኝ ስንት ዓመት ይጠሉኛል? አንቺ ገና መንገድ መጀመርሽ ነው።"

ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ገለባብጦ አየው፤ የታተመውን ስሟን በጣቱ ዳሰሰ።

"ያምራል። እኔ ግን ሰው ፊት መቆም አልችልም፤ አትቀየሚኝ።"

ጉልበቱን ስማ ወጣች።

ስቱዲዮው ስትደርስ ፕሮዲውሰሩ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ነበር። "የመጣሁት ስለ 'ክፈትልኝ' ነው፤ እንዲህ እንዳለ አይሆንም" ስትለው ስልኩን ዘጋው።

"አልበሙ እኮ አልቋል! ዓርብ ነው የሚወጣው። ሰው ያን ዘፈን ብሎ ነው የሚገዛው፣ አውጡልኝ ልትዪ ነው?"

"አይ፣ ዘፈኑ ይቆይ። አንድ ቃል ብቻ ልቀይር። 'አልከፈተም' የምትለዋን።"

"ምን ልትያት?"

"'አልከፈትንም'።"

ቃሉን በከንፈሩ ሞከረውና ራሱን ነቀነቀ። "ቤት አይመታም። ቤቱ ይፈርስብሻል።"

"ከፈረሰ ስምንት ዓመቱ ነው።"

የድምፅ ባለሙያው ወንበሩን ወደ መሣሪያው መለሰና የዘፈኑን ፋይል መፈለግ ጀመረ።

"እሺ፣ ጋዜጠኛ 'ሌላው ማን ነበር?' ብሎ ቢጠይቅሽስ?" አለ ፕሮዲውሰሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ልዋሽልሽ አልችልም።"

"አትዋሽ። እኔ ነበርኩ እላለሁ።"

የመቅረጫ ክፍሉን በር ገፍታ ገባች፤ ማዳመጫውን አጠለቀች። ሁለት ጊዜ ቃሉ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። የድምፅ ባለሙያው በመስታወቱ ውስጥ በእጁ "እንረፍ?" አላት።

"አይ፣ ከመጀመሪያው መልሰው" አለችው።