የአባባ ሰርቪስ

ባሌ ስምዖን እዚህ በሰው አገር ይህን የሬክስዴል ቤት ሲገዛ አባቴ፣ አባባ ገረመው፣ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መሬቱ ነበር። "መሬቱም የእናንተ ነው? የመንግሥት አይደለም?" የእኛ ነው አልናቸው። አባባ የአዲስ አበባ ቤታቸው ለልማት ተብሎ በዶዘር ሲፈርስ ቆመው ያዩ ሰው ናቸው። "እንግዲህ ማን ይነካናል!" ብለው ስምዖንን ሲያቅፉት በሳቅ ሞትኩ።

ከእኛ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ግን አልሆነላቸውም። "አማች ቤት ተጠግቶ ማሳል እንኳ ያሳቅቃል" አሉ። ስለዚህ እንደ አገራችን ደንብ ከጓሮ ሰርቪስ ሠራንላቸው፤ አንድ ክፍል፣ መስኮትና የራሷ በር ያላት። ስምዖንና የቸርች ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ገጣጠሟት። ፐርሚት? ኧረ ማን አስቦት! በገዛ ጓሮው ሰርቪስ ለመሥራት ማን ያስፈቅዳል? አባባ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ሲቀመጡ ወጣት መሰሉ።

በግንቦት የጎረቤታችን የሀፍሳ ቤዝመንት ፍሳሽ ገነፈለበት። ምስኪን፣ የልጆቿ ፍራሽ ሳይቀር ተበላሸ። ከውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ሊዮ የሚባል ሰውዬ መጣ። ቧንቧው ውስጥ ካሜራ ሰደደና የተሰበረው ልክ ከአባባ አልጋ ሥር መሆኑን ደረሰበት።

"ይቺ ክፍል መነሣት አለባት" አለን።

"በማን መሬት ላይ ነው የምታዘው?" አልኩት። እኔ ጸሐይወርቅ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ራሱ ይጠራል።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሬቱ የእናንተ ነው አለኝ፤ ዋናው የፍሳሽ መስመር ግን በጓሯችሁ ያልፋል። መሥሪያ ቤቱ ይህ ቤት ሳይሠራ ጀምሮ እዚያ የመግባትና የመቆፈር መብት አለው፤ መብቱም በመሬቱ ላይ ተመዝግቧል። በላዩ ምንም መሥራት አይቻልም። ካላነሣችሁ እኛው እናነሣለን፤ ካሳም የለውም። ይህን ሁሉ የነገረኝ እያባበለ ነው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ! ጠበቃ ጋ ኮል አደረግኩ። "ሰውዬው ልክ ነው" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "በሕግ አምላክ!" ብዬ አስቆም ነበር፤ አሁን ሕጉ ራሱ ከእነሱ ጋር ቆሟል። የሀፍሳን ልጆች ሳይም ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ለአባባ መንገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ጨርሼ ሳልናገር ገባቸው።

"ምትክ ቦታ ይሰጣሉ?"

"አይሰጡም አባባ።"

"እዚያም አልሰጡኝ" አሉ። ምነው በተቆጡ፣ ምነው በተራገሙ!

ሊያፈርሱ የመጡ ቀን አባባ ክፍሏን በጠዋት ጠርገው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በሯን ቆልፈው ጠበቁ። ዶዘሩ ከመንገድ ሲገባ ወደ ሊዮ ሄዱና ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡት። አዲስ አበባም ለወረዳው ሰው እንዲሁ አስረክበው ነበር፤ ደንቡ እንደዚያ መስሏቸዋል። ሊዮ ቁልፉን ይዞ እኔን አየኝ። ለሚፈርስ ክፍል ቁልፍ ምን ያደርግለታል?

"ያዘው፤ ዝም ብለህ አመስግናቸው" አልኩትና ዞር ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬውም ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው።

አሁን ጓሮው ሣር ለብሷል። የሀፍሳም ቤዝመንት ደርቋል፣ እሰየው። አባባ የልጄ የሩሀማ ክፍል ገብተዋል፤ እሷ ከእኛ ጋር ትተኛለች። መታጠቢያ ቤት ሊገቡ ሲሉ እንኳ ስምዖንን ያስፈቅዱታል፤ እሱም በሰቀቀን ሊሞት ነው። ልብሳቸውን ከሻንጣ አላወጡም።

"አባባ፣ እስቲ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ልደርድርልዎ" አልኳቸው።

"ቆይ የኔ ልጅ። ከዚህኛውስ ሥር ምን እንዳለ ጠይቀሻል?"

ሊዮ ጋ ደወልኩ። ከቤቱ ሥር ምንም እንደሌለ በካርታው አይቶ አረጋገጠልኝ። ሮጬ ነገርኳቸው።

"ጎሽ፣ ደግ ነው" አሉኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብለው። ከዚያ ሻንጣውን ሳይከፍቱ በእግራቸው ወደ አልጋው ጠጋ አደረጉት።