ዓይኑን ገልጦ የተኛው ሰው

«እምሩ ስለ ሥራው ቤት ውስጥ ያወራ ነበር?»

ጓድ አባይነህ ይህን ሲጠይቅ ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይመጣና ከሐዘንተኞቹ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሽጉጡ ከኮቱ ሥር ጉብ ብሏል። የቀበሌ ሊቀመንበር ለቅሶ ቤት የሚውለው ለሟች አዝኖ እንዳልሆነ የጊዮርጊስ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚናገር ግን የለም።

«ለእኔ ምን ይነግረኛል ብለው ነው?» አለች የሟች ሚስት፣ የሺዓለም። «ሥራውን እዚያው ጥሎ ነበር የሚመጣው።»

ውሸቷን ነው። እምሩ ሆስፒታል ውስጥ ማደንዘዣ ሰጪ ነርስ ነበር። አምና አባይነህ እግሩን በጥይት ተመቶ ሲመጣ በደም ሥሩ ኬታሚን የሰጠው እሱ ነው። በዚህ መድኃኒት ሕመም ይጠፋል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፤ አንጎል ግን እንደ ሌላው ማደንዘዣ ጭልጥ ብሎ አይተኛም፤ ሰውየው ዓይኑን እንደገለጠ ይቃዣል። ሐኪሙ ጥይቱን ሲያወጣ አባይነህ ጣሪያው ላይ አፍጥጦ ጮኸ፤ «ካሣሁን! በእጄ ቀብሬህ ከየት መጣህ?»

ሐኪሙ ካሣሁንን አያውቀውም። ለእምሩ ግን የጎረቤቱ የእትዬ አልጋነሽ አንድያ ልጅ ነው፤ ከታሰረ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

አባይነህ ሲነቃ «ምን አልኩ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም» አለው እምሩ። የታካሚው ግፊት በሰዓቱ ወረደ። የእምሩ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልወርድ ብሎ፣ ይኸው ገደለው። የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው፤ «እናትየዋ ከሰማች ሁላችንንም ይጨርሰናል» ብሎ አስምሏታል።

እትዬ አልጋነሽ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ከየሺዓለም አጠገብ ተነሱ።

«የሺዬ፣ እኔ ልሂድ። የእስር ቤቱን በር ሳይዘጉብኝ ስንቁን ላድርስ። እዚህ የለም ይሉኛል፤ አዛውረውት ይሆናል እንጂ የት ይሄዳል?»

«ይሂዱ እንጂ እናቴ» አለ አባይነህ። «ልጁ እንዳይርበው።»

የሺዓለም ደሟ ፈላ። ፈርታለች። ቢሆንም ተነሳች። የራሷን የሐዘን ጥቁር ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ አሮጊቷን አለበሰቻቸው፤ ጫፉን አገጫቸው ሥር አጣፋችላቸው።

አባይነህ እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ከተተ።

እትዬ አልጋነሽ ጥቁሩን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ የሺዓለምን ትክ ብለው አዩአት። ከእሷ ጎን ፍራሹ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ምሳ ዕቃውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።