የቀትር ንባብ

ሼህ አብዱልሐሊም ዱዓውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ የነሲባ ስልክ ጉያዋ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ፤ እሷም አለች፤ ልቧ ግን ስልኩ ጋ ነው። ባሏ ጀብሪል የተቀበረው ትናንት ነው። በዚያው ዕለት ቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና በመጀመሩ፣ የመርሳ ሰው ለቅሶ ሲደርስም ስለ መንገዱ በሹክሹክታ ሳይጠያየቅ አይነሣም ነበር።

ራሴን አመመኝ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። የደወለው የማስተርስ አማካሪዋ መምህር ወንዳወቅ ነው። ጥናቷን ለፈታኞች የምታቀርብበት ዲፌንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር፤ አሁን ወደ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት መጥቷል።

«ሐዘንሽን ዘንግቼው አይደለም ነሲባ» አላት። «ከነገ በኋላ ግን እዚህ ወልድያ መኖራችንንም እንጃ።»

ምን ትበለው? የአምናውን ጦርነት መቼ ረሳችው። ለፊዚክስ ማስተርሷ የመርሳን የፀሐይ ጨረር ዓመት ሙሉ ለክታ ያከማቸችበት ኮምፒውተር ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ዕቃ ጋር ደብዛው ጠፍቶ ቀርቷል። መርሳ በተያዘባቸው ወራት ደግሞ የጀብሪል የስኳር መድኃኒት አለቀ። ከዚያ በኋላ ቆሞ ይሂድ እንጂ ኩላሊቱ ያኔውኑ ተጎድቶ ነበር።

መንገድ ተከፍቶ እሷ ተስፋ ቆርጣ ስትቀመጥ፣ እንደገና እንለካ ያላት ጀብሪል ነው። ቀትር ላይ እሷ ትምህርት ቤት ስለምታስተምር የስድስት ሰዓቱ ንባብ የእሱ ሆነ። ጀብሪል ልብስ ሰፊ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ የደንበኛውን ሱሪ የስፌት መኪናው ላይ ጥሎ በመሰላል ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የተተከለውን የጨረር መለኪያ አንብቦ ቁጥሩን እንዳይረሳው በልብስ ሰፊ ጠመኔው መዳፉ ላይ ይጽፋል። የገበያው ሰው ለፀሐይ ሱሪ ሊሰፋላት ነው እያለ ያሾፍበት ነበር። እሱም ወገቧ አልያዝ አለኝ ብሎ ያስቃቸዋል።

አሁን ዲፌንሱ ኢዳ ላይ፣ በባል ሞት ሐዘን መቀመጫው ጊዜ ላይ ወደቀ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን በባሏ ቤት ትቀመጣለች። አማቷ ወይዘሮ ሀጂራ በጊዜያቸው የጎረቤት ደጃፍ እንኳ ሳይረግጡ ነው ኢዳቸውን የጨረሱት። እሳቸውን ፈቃድ መጠየቅ ለነሲባ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ሰው ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሲሰግድ ሹልክ ብላ ልትሄድ ወሰነች። ከወሰነች በኋላ ግን ደጅ ደጁን እያየች የቀረበላትን ምግብ ሳትነካው መለሰች።

ወይዘሮ ሀጂራ ይህን አይተው ወደ ጓዳ ጠሯት።

«ሐዘን አውቃለሁ። ይሄ ሐዘን ብቻ አይደለም፤ የምትፈሪው ነገር አለ» አሏት።

ነሲባ ሹልክ ልትል ያሰበችውን ጭምር ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ልጄ በዚያ ሕመሙ መሰላል የሚወጣው ለዚህ ነበር?»

«አዎ እማ። አታስወጪው ቢሉኝ አልሰማሁዎትም። ይቅር ይበሉኝ።»

ወይዘሮ ሀጂራ ተነሥተው ሼሁን አስጠሩ። ሼህ አብዱልሐሊም ጉዳዩ ለሌላ ቀን ሊተላለፍ ይችል እንደሆነ ጠየቁ፤ እንደማይችል ሲሰሙ፣ ለችግሯ በቀን መውጣት እንደምትችል፣ ሌሊቱን ግን በባሏ ቤት ማደር እንዳለባት ተናገሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትግባ አሉ።

«መንገዱ ቢዘጋባትስ?» አሉ ወይዘሮ ሀጂራ።

ሼሁ መንገዱን እንዲያቀናላት ዱዓ አደረጉ።

በማግስቱ ከወልድያ የሚወርደው መኪና ሁሉ ፍራሽና ሕፃናት ጭኗል፤ ወደ ላይ የሚሄድ ጠፋ። ነሲባ አስፋልቱ ዳር ቆማ ሰዓቷን እያየች ቆየች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘመዶቹን ሊያወጣ ባዶውን የሚሄድ ሚኒባስ አገኘች። ዘግይታ ደረሰች። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ የአንደኛው ሻንጣ እግሩ ሥር ተቀምጧል።

አቀረበች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቢሰበርም ቁጥሮቹ ላይ ስትደርስ ተስተካከለ። ባለሻንጣው ሠንጠረዡን ገለጠ።

«ሚያዝያ ውስጥ የሰባት ቀን የቀትር ንባብ የለም። ለምን?»

«የሚያነብልኝ ሰው ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።»

«ሌላ ሰው መተካት አይቻልም ነበር?»

«ይቻል ነበር። እንዳይከፋው ብዬ ተውኩት።»

ሰውዬው የናቃት መስሏት እንባዋ መጣ። እሱ ግን ብዕሩን አስቀምጦ አሁን ተሻለው ወይ ሲል ጠየቃት።

«ከትናንት በስቲያ ቀበርነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቋትም። ውጪ አስጠብቀው ጠሯትና ማለፏን ነገሯት። ወንዳወቅ እስከ መናኸሪያው ሸኛት። መናኸሪያው በሰው ተጨናንቆ መኪና የለም። ዐሥር ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ላይ ከነጓዙ ከተሰደደ ቤተሰብ ጋር ተሳፈረች። ከጀብሪል ጋር ስድስት ወር የለካቻትን ፀሐይ እንደዚያ ቀን ፈርታት አታውቅም። ኬላ ላይ በቆሙ ቁጥር ወደ ተራራው ቀና ትላለች።

መርሳ ስትወርድ የተራራው ጥላ ገበያውን አልፎ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ገና አልጠለቀችም። ወይዘሮ ሀጂራ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ደጁ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ዳሱ ውስጥ ቁርአን ሲቀራ ይሰማል።

«ምን አሉሽ?»

«አልፈሻል አሉኝ እማ።»

የአሮጊቷ ቀኝ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ፤ በሠርግ እልል ሲሉ እንደሚያደርጉት። ከንፈራቸው ተከፈተ። ከዚያ የቆሙበት ቤት የልጃቸው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸው። እጁ ግን አልተመለሰም፤ እልልታውን አፍኖ እዚያው አፋቸው ላይ ቀረ፣ እየተጫነ፣ እየተጫነ ሄደ። ነሲባ ቀረብ ብላ የራሷን መዳፍ ደረበችበት።