ዙህዲ ሲኒውን ያስቀመጠ ቀን

ማን እንደሆነ የማያውቀው ወፍራም ሰውዬ እጁን ጨብጦ አልለቅ ሲለው፣ ዋስፊ በሆዱ «አባባ፣ ይኼን ሁሉ ሕዝብ መቼ ተዋወቅኸው?» አለ።

«አላህ ምንዳችሁን ያብዛው» አለ ሰውዬው።

«አላህ ድካማችሁን ይቀበል» አለ ዋስፊ። ከትናንት ጀምሮ ሌላ ነገር ተናግሮ እንደሆነ እሱም አያስታውስም።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። በዓይን ሱማቅ መንደር አዳራሽ በር ላይ የሟች ቤተሰብ በመስመር ቆሟል፤ ዋስፊ የሟች ልጅ ስለሆነ ከፊት፣ ከሱ ቀጥሎ የአባቱ ዘመዶች በየዕድሜያቸው። ለቅሶ ደራሹ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተላለፈ መስመሩን ይጨርሳል፤ ከዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጥና አንድ ተምር ይበላል፣ ስኳር የሌለበትን ቡና ፉት ይላል፣ ስለ ሟች ደግ ደጉን፣ ስለ መንገዱ ደግሞ ክፉ ክፉውን ያወራል።

ስለ መንገዱ የሚወራው ብዙ ነው። አገሩን የያዙት ወታደሮች የመንደሩ መግቢያ ላይ የተከሉት ቢጫ የብረት በር ሲፈልጉ ይከፈታል፣ ሲፈልጉ ይዘጋል፤ መቼ እንደሚፈልጉ ግን እነሱም አስቀድመው የሚያውቁት አይመስልም። የዋስፊ አባት ሐጅ ፈኽሪ ያረፉ ዕለት ተዘጋ። ሰማንያ አንድ ዓመት ኖረው በሩ ክፍት የሆነበትን ቀን መርጠው መሞት አቃታቸው። ለቅሶ ደራሹ መኪናውን በሩ ጋ ትቶ፣ ጉልበት ያለው በፍየሎቹ መንገድ ኮረብታውን ዞሮ ይመጣል፤ ጉልበት የሌለው ስልክ ይደውላል።

ቡናውን የሚያዞረው ሸውቃት ነው። ሥራው ታክሲ መንዳት ቢሆንም ታክሲው ከበሩ ወዲህ ታግታ ስለቀረች፣ «እሷ ከቆመች እኔም ልቁም እንዴ?» ብሎ የነሐሱን ጀበና ማንም ሳይሾመው አነሣ። አሁን ለዋስፊ እየቀዳ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«አጎትህ ዙህዲ በሩ ጋ ታይቷል።»

«የኔ አጎት?»

«የኔ ቢሆንማ እኔ እጨነቅ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል አሉ። እንዳይመለስ መጥቷል፤ እንዳይገባ ደግሞ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል።»

ዋስፊ ቡናውን ሳያጣጥም ዋጠው። አጎቱ ዙህዲ የመንደሩን አፈር ከረገጠ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ጠቡ የተጀመረው በዛፍ ነው። አያቱ ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን ወይራው መሬት ድረስ ይዘው ሄዱና በምርኩዛቸው እያመለከቱ፣ «ከትልቋ ዛፍ ወዲህ የፈኽሪ፣ ከትልቋ ዛፍ ወዲያ የዙህዲ» አሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። ትልቋ ዛፍ ራሷ የማን እንደሆነች ግን አልተናገሩም። ሺህ ዓመት ኖራለች የምትባል ዛፍ ናት፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፋትም። ወንድማማቾቹ መጀመሪያ በግማሽ ግማሽ ለቀሟት። ከዚያ ግማሹ የት ጋ እንደሚጀምር ተከራከሩ። ከዚያ ዙህዲ በሰው ፊት፣ «ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም» አለና ሚስቱ አገር ኢየሩሳሌም ገብቶ ቀረ። የሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀ።

በዚህ መሐል ከመሬቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቀይ ጣሪያ ያላቸው የሰፋሪዎች ቤቶች በቀሉ። ባለ መሬቱ ወደ መሬቱ የሚገባው በወታደሮቹ ፈቃድ፣ ያውም በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። ያለፉትን ሁለት ዓመታትማ ያችም ቀረች። ወንድማማቾቹን የምታጣላው ዛፍ ሁለቱም የማይደርሱባት ዛፍ ናት።

ዋስፊ አባቱን በነዚያ ሁለት ቀናት ነው በደንብ ያወቃቸው። ሐጅ ፈኽሪ የራሳቸውን ለቅመው ሲጨርሱ መጋዛቸውን ይዘው ወደ ዙህዲ ዛፎች ይሻገሩ ነበር። ቅርንጫፍ በቆረጡ ቁጥር ይሳደባሉ።

«ውሻ። የውሻ ልጅ።» ከዚያ መጋዛቸውን ያቆሙና ወደ ሰማይ ቀና ይላሉ። «አባቴን ማለቴ አይደለም።»

«እንዲህ ከጠላኸው ለምን ዛፉን ትመለምልለታለህ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር አንድ ጊዜ።

«ዛፉ ምን አደረገኝ? የተጣላሁት ከሰውዬው ጋር ነው» አሉ አባቱ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው።

እኚህ ሰው ናቸው ከመሞታቸው ዐሥር ቀን በፊት የዋስፊን እጅ አንጓው ላይ ጨምድደው ይዘው፣ «ትልቋን ዛፍ ለማንም እንዳትሰጥ» ያሉት። ዋስፊም «እሺ አባባ» አለ። ለሚሞት አባት ሌላ ምን ይባላል?

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ወደ ማታ የአባቱ እኅት ሐጃ ንዕማ በሴቶቹ ቤት በኩል ጠራችው። በለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እሳት ስለማይነድ፣ ጎረቤት ያመጣው ሩዝና የበግ ሥጋ በየትሪው ተደርድሯል። ሐጃ ንዕማ አንዱን ትሪ ወደሱ ገፋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ብላ። እየበላህ ስማኝ። ዙህዲ ነገ ከመጣ እጁን ጨብጠው፣ ተምር ስጠው፣ ሸኘው። ሲኒውን መሬት ካስቀመጠ ግን አለቀልን።»

«በለቅሶ ቤት ማን ሲኒ ያስቀምጣል፣ አክስቴ? እሱ ለጋብቻ ነው፣ ለደም ዕርቅ ነው።»

«ዙህዲን አታውቀውም። በገዛ ሠርጉ ቀን ከአማቱ ጋር ስለ በግ የተከራከረ ሰው ነው።»

«ወንድምሽ አይደለም እንዴ?»

«ሁለቱም ወንድሞቼ ናቸው። በማን እጅ ተቃጥዬ እንዳረጀሁ እኔን ጠይቀኝ።» ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ደግሞ ናፍቆኛል፣ ያ ክፉ። ግን ዛፏን እንዳትሰጠው።»

ያስፈራት ነገር ያስፈራል። በዚህ አገር ሽማግሌ የተቀዳለትን ቡና ሳይጠጣ ከፊቱ መሬት ላይ ካስቀመጠ፣ «ጉዳይ አለኝ፤ ካልተፈጸመልኝ አልጠጣም» ማለቱ ነው። ባለቤቱ ጉዳዩን እንኳ ሳይሰማ፣ «ጠጣ፣ የመጣህበት ተፈጽሟል» ይላል፤ ያለውን ደግሞ አያጥፍም። ቡናው እንዲቀዘቅዝ የተወ ቤት ግን ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ስም ያተርፋል።

ሦስተኛው ቀን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ዙህዲ መጣ።

በፍየሎቹ መንገድ ነው የመጣው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አፍንጫው የሐጅ ፈኽሪ አፍንጫ ነው፣ አካሄዱም የሳቸው። ዙህዲ ማንንም ሳያይ ወደ መስመሩ ቀረበና የዋስፊን እጅ ጨበጠ።

«አላህ ምንዳችሁን ያብዛው» አለ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ።

«አላህ ድካማችሁን ይቀበል» አለ ዋስፊ፣ እንደ ማንኛውም ባለቤት።

መስመሩን ጨረሰ። በሩ አጠገብ፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተምሩን በላ፤ ፍሬውን ኪሱ ከተተ። ሸውቃት ቀዳለት። ዙህዲ ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጎንበስ አለ፣ በሁለቱ ጫማዎቹ መሐል መሬት ላይ አስቀመጠው።

ከመስኮቱ ማዶ የሴት ትንፋሽ ተሰማ። ሐጃ ንዕማ ከኋላ ቆማ ታዳምጥ ነበር ለካ።

ዋስፊ ሲኒውን አየ። አንጓው ላይ የአባቱ ጣቶች አሁንም ያሉ መሰለው። አዎ ካለ ለሟች የገባውን ቃል ሊያጥፍ ነው፤ ዝም ካለ ሽማግሌ በአባቱ ለቅሶ ላይ ሊያዋርድ ነው። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ሸውቃት ጀበናውን የሚያስተካክል መስሎ ተጠጋው።

«አባትህ በየዓመቱ በኔ በኩል ዘይት ይልክለት ነበር፤ ‹ከሰው የተገኘ ነው በለው› እያለ።»

«ምን?»

«ቀስ በል። ከራሱ ከዙህዲ ዛፎች የወጣውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዳቦ ነክሮ ቀመሰና፣ ‹ፈኽሪ ዛሬም ተቻኩሎ ነው የሚለቅመው፤ ይመራል› አለኝ። ከዚያ እስኪጨርስ ድረስ በላ። ባዶውን ጀሪካን አጥቦ ሰጠኝና ‹ለከርሞ› አለ። ሁለቱም ማወቄን አያውቁም፤ ወይ ያውቃሉ። እኔ ሹፌር ነኝ።»

ዋስፊ ከመስመሩ ወጣ። በአዳራሹ መሐል ያለውን ባዶ ወለል ተሻግሮ አጎቱ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ሲኒውን አንሥቶ ዘረጋለት።

«ጠጣ፣ አጎቴ።»

«የምጠይቅህን አታውቅም፣ ልጄ።»

«አላውቅም። ጠጣ። የመጣህበት ተፈጽሟል።»

ከመስኮቱ ማዶ «ወይኔ» የሚል ነገር ተሰማ። ዙህዲ የቀዘቀዘውን ቡና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ሁለት ቀን በሩ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር» አለ። «የሚያልፈው ሰው ሁሉ ከዚህ ለቅሶ የሚመለስ ነው። የማያውቀኝ ዝም ብሎ አለፈ፣ የሚያውቀኝ ፊቱን አዙሮ አለፈ። አንድ ሰው እንኳ ‹አላህ ምንዳህን ያብዛው› አላለኝም። አልፈርድም፤ ወንድም የለኝም ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ወንድሜ ነው የሞተው። ለቅሶው እስኪያበቃ፣ እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ ከናንተ ጋር መስመሩ ላይ ልቁም። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ከዚያ የሐጃ ንዕማ ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

«ዛፏስ?»

«ዛፏን ኮረብታው ላይ ያሉትን ጠይቂያቸው» አለ ዙህዲ፣ ወደ መስኮቱ ሳይዞር። «ከመለሱልሽ ለኔም ላኪብኝ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቀና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ዋስፊ አጎቱን ክንዱን ይዞ አስነሣውና ወደ መስመሩ ወሰደው። ሦስት ቀን ሙሉ የቆመባትን የፊተኛዋን ቦታ ለቀቀለት። ዙህዲ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ቀኝ እጁን አዘጋጅቶ በሩን ማየት ጀመረ።

የሚመጣ ሰው ግን አልነበረም። የሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነው፤ ቢጫው በር እንደተዘጋ ነው፤ መምጣት የሚችል ሁሉ መጥቷል፣ መጥቶም ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዙህዲ ባዶውን በር እያየ ቆመ። እጁ ቀስ በቀስ ወደ ጎኑ ወረደች።

ሸውቃት ጀበናውን መሬት አስቀመጠ። በዙህዲ ፊት አልፎ በበሩ ወጣ፤ ውጭ ዞረና ገና አሁን ከመንገድ እንደደረሰ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

«አላህ ምንዳህን ያብዛው፣ ሐጅ ዙህዲ።»

ያ የሳቀው ሽማግሌ ምርኩዙን ፈልጎ ተነሣ። ቀጥሎ ኢማሙ። ቀጥሎ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዙህዲን ሲያሙ የኖሩት የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ ከየወንበራቸው። አዳራሹ በአንዱ በር እየወጣ በዚያው በር ይገባ ጀመር። ከጎረቤት መንደር የመጡት ቄስ አባ ጁርጂስ ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ ሸውቃት በዓይኑ ሲጠይቃቸው «አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለባለቤቴ። በኮረብታው መምጣት አልቻለችም» አሉ። ዙህዲ ለሁሉም «አላህ ድካማችሁን ይቀበል» ይላል፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ እየቆየ ድምፁ እየጠራ።

ሁሉም ተመልሶ ሲቀመጥ ዋስፊም ከመስመሩ ወጣ። ውጭ ትንሽ ቆመ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው አዘንብላለች። ከዚያ ዞሮ ገባ፤ የአጎቱን እጅ ጨበጠ።

«አላህ ምንዳህን ያብዛው፣ አጎቴ።»

ዙህዲ ቀኝ እጁ የዋስፊን እጅ እንደያዘ፣ ግራ እጁን አነሣና፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያ ሁሉ ሰው ሲያቅፈው ሲለቀው ወደ ውስጥ የተጣጠፈውን የዋስፊን ሸሚዝ ኮሌታ በሁለት ጣቱ አውጥቶ አስተካከለለት።