ትኩስ ጡብ

እናቴ ግትር ናት። ታላቅ ወንድሜ «እንጨቱ ክረምቱን ካላዘለቀሽ መጥቼ ወደ እኔ ቤት እወስድሻለሁ» ቢላት «ከዚህ ቤት የምወጣው አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው!» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እሱም የእሷው ልጅ ነው፤ ያለውን ያደርጋል። ምን ላድርግ፣ መሃል ገብቼ ቤቱን በጥቂት እንጨት ላሞቅላት ሄድኩ።

የማሞቁን ሙያ የተማርኩት ከአባቴ ነው። አናጢ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ብርዱ ሳይጠና የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ይወትፋል፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላል፣ ከዚያ የእኔን፣ የወንድሜንና የእህቴን ፍራሽ እየጎተተ ምድጃው ያለበት ክፍል ያነጥፋል። «አንድ ክፍል፣ አንድ እሳት!» ይል ነበር። አቤት የዚያን ጊዜ ጭቅጭቅ! ግድግዳ ጥግ የተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ምድጃ አጠገብ ያለው ላብ በላብ ይሆናል፣ ወንድሜ የቀዘቀዘ እግሩን ጀርባዬ ላይ ይለጥፋል፣ እኔ እጮሃለሁ። እናቴ ደግሞ «ዝም ካላላችሁ ሁላችሁንም ውጭ ነው የማሳድራችሁ!» ትላለች። እንዴት ደስ ይል ነበር! አሁን የምኖርበት ቤት ቁልፍ ሲጫኑት ይሞቃል፤ ማን ከማን ጋር ሊጣላ ነው ታዲያ?

ከፍ ስንል አባቴ ለየራሳችን ክፍል ቀጥሎ ሠራልን። እኔም አሁን እንደ እሱ ስንጥቁን ወትፌ፣ ብርድ ልብሱን ሰቅዬ፣ ሦስቱን ክፍሎች ዘጋሁና ከእናቴ ጋር ምድጃው አጠገብ መተኛት ጀመርኩ። ቤቱ ሞቀ። የእንጨቱ ክምር ግን ይባስ ብሎ ይቀንሳል። ማን ይበላዋል? ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ትርፍ ብርድ ልብስ ፍለጋ ወንድሜ ክፍል ገብቼ አልጋው ላይ ቁጭ ብል፣ ይሞቃል! አንሶላውን ገለጥኩት። በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ጡብ። ወደ እህቴ ክፍል ሮጥኩ፤ እዚያም ጡብ። የራሴም ባዶ አልጋ ውስጥ ጡብ።

እናቴ ምድጃው ሥር ተቀምጣ ሌላ ጡብ እሳቱ ላይ ታሞቃለች።

«እማዬ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ? ማን ሊተኛበት ነው?»

«ድንገት ቢመጡስ? ልጆቼን ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ላስተኛቸው?»

ደሜ ፈላ። «ማንም አይመጣም! እንጨቱ ሲያልቅ ግን ልጅሽ ይመጣል፤ አንቺን ሊወስድ!»

ወዲያው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«መች አጣሁት» አለች ቀስ ብላ። «አልጋው ሲቀዘቅዝብኝ ነው መሄዳችሁ የሚሰማኝ።»

ለካ ያን ሁሉ እንጨት የበላነው እኛ ነን። እዚህ ቤት ለመቅረት ግን እነዚያ አልጋዎች መቀዝቀዝ ነበረባቸው፤ ይህንንም ከእኔ በላይ ታውቃለች። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ተከተልኳት። ከየአልጋው ጡቡን እያወጣች አሸከመችኝ።

የወንድሜን በር ስትዘጋ «ደህና እደር፣ የኔ ግትር» አለች። የእህቴን ስትዘጋ «ደህና እደሪ፣ የኔ ዝምተኛ» አለች። የኔ በር ላይ ስትደርስ እጀታውን ይዛ ቆየች።

«ደህና እደሪ፣ የኔ ጯሂ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ» አልኳት፤ እንባዬ መጣ።

«አንቺን አይደለም፤ ትንሿን ነው» አለችና በሩን ዘጋችው።